የገመቺስ ቪዲዮ

ገመቺስ ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቪዲዮ ቤት አለው። የሞተን ሰው የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ያስገባል። ፎቶ ትሰጪዋለሽ፤ ኤአይ የሚሉት፣ ከብዙ ፎቶና ቪዲዮ የተማረ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ ያ ሟቹን ያስነሳዋል። ሊሊሴ ስታገባ አባቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሠርጓ ቪዲዮ ግን እርጥብ ሣር ይዘው መረቋት። ያየ ሁሉ አለቀሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ሊሊሴ ልጇን አዝላ በር ስትከፍት አሥር የሚሆኑ ወንዶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያለው ሞሲሳ ነው። ታናሽ ወንድሙ ተረፋ እሁድ ዕለት በአርጆ መንገድ፣ ጫካ ውስጥ ተገድሎ ተገኝቷል።

«ባልሽን አውጪ!»

«ምን አደረገ፣ ኦቦ ሞሲሳ?»

ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነው። ቪዲዮው ላይ ባሏ ቀነዓ ተረፋን በመጥረቢያ ይመታል። አንዴ፣ ሁለቴ። ተረፋ እጁን ያነሳል። ሦስተኛው እጁን ይቆርጠዋል።

ቀነዓ ጓሮ ልብስ እያጠበ ነው። ልጅ ከመጣ ወዲህ ያግዛታል፤ ጎረቤት ቢስቅበትም ግድ የለው።

«ያ ዋቃ! ይሄማ የገመቺስ ሥራ ነው!» ብላ ጮኸች። «የሞተ አባቴን ያስነሳ ሰው ባሌን ነፍሰ ገዳይ ማድረግ ያቅተዋል? እርስዎስ አባቴን አይተው አላለቀሱም?»

ሞሲሳ ስልኩን ዝቅ አደረገ። አልቅሷል።

«እውነቷን ነው» አለ አንዱ ከኋላ። «ገመቺስና ቀነዓ በአጥር ተጣልተዋል።»

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ነጎዱ። ሊሊሴም ተከተለቻቸው፤ ካላመኑ ይመለሳሉ።

ገመቺስን ከወንበሩ ጎትተው አወጡትና ቪዲዮውን አሳዩት።

«እኔ አልሠራሁትም! ኤአይ ጣት ያበላሻል። እዚህ የቀነዓን ጣት ቁጠሩ፣ አምስት ነው!»

«እንቁጠርልህ» አለ ሞሲሳ።

እጁን የበሩ ደፍ ላይ አጋድመው በድንጋይ ቀጠቀጡት። እየቆጠሩ። አምስት ሲሉ ኮምፒውተሩን አንስተው አናቱ ላይ ጣሉት። ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ሊሊሴ የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና ሮጠች።

ቀነዓ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር።

«ሄዱ?»

«ሄዱ። ከእንግዲህ አይመጡም። ገመቺስ እንደፈጠረው አምነዋል።»

ትንፋሹን ለቀቀ። ልጁን ከጀርባዋ ተቀብሎ ግንባሩን ሳመው።

«እኔ እኮ እዚያ ጫካ ውስጥ የሚቀርጸኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለ።