ማንጎው ሥር የቆመው ፒካፕ

ፒካፑ እማማ ጸሐይነሽ ግቢ የገባው ተገፍቶ ነው። ሰኔ ላይ፣ ሽንኩርት እንደጫነ፣ ዝናብ እየወረደ በራቸው ላይ ቀጥ አለ። ሹፌሩ ቦዔዝ ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ፣ "ለሁለት ቀን ብቻ ያስጠጉልኝ" ብሎ ለመነ። እሳቸውም በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፤ ጎረቤታቸው ዑመር ከኋላ ገፋ፤ መኪናው ማንጎው ሥር ቆመ። ይኸው መጋቢት ገባ። ማንጎው አፍርቶ ጣራው ላይ ይረግፋል፤ ፒካፑ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

መጀመሪያ የተበላሸውንስ ቦዔዝ በሳምንቱ ጠግኖት ነበር። "በቃ፣ ነገ እሄዳለሁ" ብሎ በማግስቱ ሲመጣ ግን ከሞተሩ ላይ አንዲት ዕቃ የለችም። አውራ ጣት የምታክል፣ አናቷ ላይ የናስ ምላስ ያላት ዕቃ ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ አይነሣም።

"አሶሳ ውስጥ አትገኝም" አለ። "አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሹፌሮችን መለመን ነው እንግዲህ።"

ከዚያ ወዲህ የሰው ባጃጅ እየነዳ ይኖራል። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ፣ ነጭ ሸሚዙን በካውያ ተኩሶ፣ መኪናውን ሊያይ ይመጣል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መልሶ ይዘጋል። እማማ ጸሐይነሽ ያስታጥቡታል። ውሃው እንደጠራ ይወርዳል። ከዚያ ምሳ ነው። ዓቢይ ጾም ገብቶ እሳቸው ሽሯቸውን ሲበሉ እንኳ ለእሱ ዕንቁላል ይጠብሱለታል፤ ጴንጤ ነው፣ ምን ይደረግ።

እየበላ ስለ እናቱ ያወራቸዋል። አምና ነቀምት ቀብሯቸው የመጣ ልጅ ነው።

ነሐሴ ላይ ኮቱን ዝናብ መትቶት እንዲደርቅለት በሩ ጀርባ ሰቀለው። እዚያው ቀረ። "ውሰድ እንጂ" ሲሉት "ሌላ ጊዜ፣ እማማ" ይላል። የክት ሱፍ ነውና ውሃ አላስነኩትም፤ በጨርቅ አቧራውን ብቻ ያብሱለታል።

እማማ ጸሐይነሽ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ሁለቱም ልጆቻቸው ቡለን አግብተዋል፤ መንገዱ ሲመች ይመጣሉ ይባላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያናግሩት ፍጡር ቢኖር ዶሮዎቻቸው ናቸው።

"ዕቃዋን ያነሣት ዑመር ነው" ይላል ቦዔዝ አንዳንዴ። "መኪናውን ለቁራጭ ብረት ልግዛህ ብሎኝ የለ?"

እማማ ወጥ ይጨምሩለታል።

ዑመርም በበኩሉ መሮታል። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

"ወላሂ ጸሐይነሽ፣ ትናንት ከዚህ መኪና ሥር እባብ ወጣ። ወደኔ ነው የመጣ። ልጆች አሉኝ እኮ!"

ሄዶ ለቀበሌ አመለከተ። የቀበሌው ሹም አልአሚን መጥቶ ፒካፑን ዞሮ አየው። ጎማዎቹን አረም ውጧቸዋል።

"እማማ፣ ግቢው የእርስዎ ነው፤ መኪናው ግን የእርስዎ አይደለም። ባለቤቱ እስከ እሑድ ካላነሣው እንደ ተጣለ ንብረት ቆጥረን እናስነሣዋለን።"

"ግቢዬ ነው፣ ይቆይ ብልስ?"

"አቤቱታ ቀርቧል። ሹፌሩ ደግሞ ዑመር ሰርቆኛል ይላል አሉ። ዑመርንም ፖሊስ ጠርቶ ይጠይቀው።"

እማማ ጸሐይነሽ በነጋታው እህል አልቀመሱም። ቅዳሜ ዑመር ገበያ እስኪሄድ ጠበቁና የበርበሬውን ማሰሮ ከፈቱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን ዕቃ አወጡ።

ያን ጊዜ፣ ቦዔዝ ነገ እሄዳለሁ ያለ ዕለት፣ እሱ እጁን ሲታጠብ ያነሷት እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ብቻ ይምጣልኝ ብለው ነበር። አንዱ እሑድ ሌላውን እየጎተተ እዚህ ደረሰ። አሁን የልጁ መኪና ሊወሰድ ነው፤ የዑመር ስም በሌብነት ሊጠፋ ነው። አፈሩ። ብቻቸውን እንደሚቀሩም አወቁ፤ ከሀፍረቱ ይልቅ ያስለቀሳቸው ይኼኛው ነው። እንባቸውን ጠርገው፣ እሱ ሲያደርግ እንዳዩት ዕቃዋን ከቦታዋ ጫን አደረጓት። ገባች።

እሑድ ቦዔዝ ቱታ ለብሶ መጣ። የመኪና ባትሪ አንጠልጥሏል። ፊቱ ጠቁሯል።

"ቀበሌ ነገረኝ፤ ዛሬስ የግድ ሆነ፣ እማማ። እስቲ ኮቴን ያምጡልኝ።"

ሊያመጡ ሲገቡ ኮፈኑ ሲከፈት ሰሙ። ኮቱን ይዘው ሲወጡ ቦዔዝ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ ነው። ቀና ብሎ አያቸው፤ ዓይኑን ሳይነቅል አያቸው።

"ዕቃዋ አለች" አለ።

እማማ መሬት መሬት አዩ። "ዑመርን ይቅርታ በለው" አሉ።

"እሺ፣ እማማ።"

ባትሪውን አሰረ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመና ተነሣ። ዑመር በአጥሩ ላይ "አልሐምዱሊላህ!" አለ። ቦዔዝ ሄዶ እጁን ጨበጠው፤ "በከንቱ አማሁህ፣ ይቅር በለኝ" አለው።

"ምሳ ሳትበላ?" አሉ እማማ።

"ባምባሲ ጭነት ተቀብያለሁ።"

"ኮትህንስ?" ዘርግተው ያዙለት።

ቦዔዝ ኮቱን አየ፣ እሳቸውን አየ። "እዚያው ይሰቀል" አለ።

ፒካፑ ወጣ። ማንጎው ሥር ፀሐይ ያላየው ሣር ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሁለት ዕንቁላል መጥበሻው አጠገብ ተቀምጧል። እማማ ጸሐይነሽ ኮቱን ሊሰቅሉ ገቡና ሳይሰቅሉ አቅፈውት ቁጭ አሉ። ከውስጥ ኪሱ አንድ ነገር ጎናቸውን ወጋቸው።

አወጡት፦ አውራ ጣት የምታክል፣ አናቷ ላይ የናስ ምላስ ያላት፣ ፕላስቲኳ እንኳ ያልተቀደደ አዲስ ዕቃ።