የኢታና ጡሩምባ

አቶ መኩሪያ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አጣብቆ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሟል። ወንበሩ ባዶ ነው። ተቀመጥ አላልኩትም።

«ጓድ ሂርጳ» አለኝ። ለዓመታት «አንተ ዘበኛ» ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። «ልጄ ውዳሴ ሌሊት አርፋለች።»

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር። ምን ልርዳዎ?»

«የመቃብር ወረቀት ነበር። ካህናቱ የቀበሌ ማኅተም ሳናይ ፍትሐት አንፈታም አሉ።» ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሕመም ብለህ... ብለው ይጻፉልኝ።»

«በምንድን ነው የሞተችው?»

«ያውቁት የለ እንዴ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው!»

ቃሉ የራሱ ነው። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ኢታና ራሱን ያጠፋ ዕለት እዚሁ ክፍል ውስጥ የተናገረው ነው። ያኔ እኔ የቀበሌው ዘበኛ ነበርኩ፤ እሱ እንደዛሬው የእድሩ ዳኛ። በሕመም ይባልልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው ስለ እውነት አያስተምረንም» አለና ወረቀቱን በከዘራው እየነካ ለጸሐፊው «ራሱን አጠፋ» ብሎ ቃል በቃል አስጻፈው። የእድሩ ድንኳን ተከለከለ። ጡሩምባ አልተነፋም። ፍትሐትማ ከየት ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አራት ሰው ሆነን ቀበርነው። አንዱ አብዶ የሚባለው ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ሌላው ጎረቤት በሩን ዘግቶ በቀዳዳ ያየናል።

የማታ ትምህርት የገባሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ሰው ለእንጀራው ይማራል። እኔ ለዚች የቀበሌ ወንበር ተማርኩ።

ጠረጴዛው ላይ ከበላይ የተላከ ሰፊ ሠንጠረዥ ተዘርግቷል። የስምንት ዓመት ሟች በጾታ፣ በዕድሜ፣ በሥራ ተለይቶ ይሞላ ይላል። ራሱን የሚያጠፋ ሰው በየትኛው ወገን እየበዛ፣ በየትኛው እያነሰ እንደመጣ የአገሩን ሁሉ ደምረው ሊያዩ ነው አሉ። ይዩ። የሚደምሩት እኔ የጻፍኩትን ነው። በኛ ቀበሌ ጡረተኛው ወታደር «ሕመም» ነው፤ የነጋዴዋ ልጅ «ድንገተኛ» ናት። ቤተሰብ እያለቀሰ መጣ፣ አንጀቴ አልቻለም፣ ጻፍኩ። «ራሱን ያጠፋ» የሚለው ዓምድ ላይ አንዲት ጭረት ብቻ ቆማለች፤ ወንድ፣ ሠራተኛ። መንግሥት ቢጠየቅ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከዚህ ሰፈር ኑሮ ያስጠላው ኢታና ብቻ ነው።

ሠንጠረዡን ወደ እሱ አዞርኩለት።

«ይኸውልህ፣ ያስጻፍከው።»

አየው። «እናቷ ከአጥር ውጭ እንዳትጥሉብኝ ብላ መሬት ላይ ተዘርግታለች። በኔ ተበቀል፤ ውዳሴ ምን አደረገችህ?»

ምንም። የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። በደጃቸው ሳልፍ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» የምትለኝ ከዚያ ቤት እሷ ብቻ ነበረች።

«በሕመም እልልሃለሁ» አልኩት። «ግን ጡሩምባ ይነፋ።»

«ጡሩምባ ነፊው ሮበሌ ይዞ ደጅ ቆሟል። ወረቀቱን እየጠበቅን ነው እንጂ...»

«ሮበሌ አይደለም። ራስህ ትነፋለህ። በዚህ ሱፍህ፣ በዚህ ባርኔጣህ፣ ከዚህ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ። መጀመሪያ ኢታናን ትጠራለህ፣ ከዚያ ልጅህን።»

«ኢታና እኮ ከሞተ ስምንት ዓመቱ...»

«አልተጠራም።»

«ሰው አበደ ይለኛል!»

«ይበልህ። እኔን ያላለኝ የለም።»

ብዕሬን ከፈትኩና ከወረቀቱ በላይ ያዝኩት። አላስነካሁትም። ብዕሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወጣ።

በመስኮት አየዋለሁ። ሮበሌ ጡሩምባውን አልሰጥም ብሎ ትንሽ ተግደረደረና ሰጠው። መጀመሪያ ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሮበሌ ከንፈሩን አሹሎ አሳየው። በሁለተኛው ጡሩምባው ጮኸ።

«ኢታና ዋቅጅራ አርፏል! እድርተኛ ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ለቀብር ውጣ!»

በሮች ተከፈቱ። ያን ጊዜ በቀዳዳ ያየን ዓይን ሁሉ ደጅ ወጣ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጠላዋን እያጣፋች መንገዱ መሐል ገባች።

«ኧረ ጋሽ መኩሪያ፣ ምን ነካዎ? የምን ኢታና ነው?»

ጡሩምባውን ከአፉ አወረደ። ቀሪውን ይናገር እንደሆነ ጠበቅኩ።

«የሂርጳ ወንድም» አለ። «ያኔ በወግ እንዳይቀበር የከለከልኩት።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ አንድ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ነፋ፣ እንደገና ኢታናን ጠራ። የልጁ የውዳሴ ተራ ሲደርስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። «ውዳሴ መኩሪያ» ብሎ የጮኸለት ሮበሌ ነው።

ሆዴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። ስምንት ዓመት ያሰብኩት ለዚች ቀን ነው። መስኮቱን ዘጋሁት፤ ጡሩምባው ግን በመስተዋቱም በኩል ይሰማል።

የመቃብሩ ወረቀት ላይ «በሕመም» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሙን ረገጥ አድርጌ መታሁት። ከዚያ ስም የማይጻፍበትን ሠንጠረዥ ወደ ራሴ ጎተትኩት። ሴት፣ ተማሪ፣ ሃያ አንድ ዓመት። ከኢታና ጭረት አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሌላ ጭረት አቆምኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩበት።