ለጥዱ ሲባል የታፈነ ሳል

ኢንጋ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ስትስል እናቷ ማርሊስ ደረሰችባት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ም... ምንም።"

ደረቷ ያፏጫል። የአንገቷ ሥር በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የማርሊስ ሐሳብ እንደ ልማዱ ወደ ክፉው ሮጠ፤ በበረዶ የተዘጋ መንገድ፣ የማይደርስ አምቡላንስ፣ ባዶ አልጋ። ቢሆንም ሰማያዊውን የአስም መድኃኒት መንፊያ ኢንሄለር ነቅንቃ ፕላስቲኩ ቱቦ ላይ ሰካችው።

"ሳቢ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ። ያዢው... አሁን ልቀቂ። እንደገና።"

ትንፋሿ ትንሽ መለስ ሲል፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለቻት።

ልጅቷ እንባዋ መጣ። "የገና ዛፉ ከገባ። እንዳታወጪው ብዬ ነው።"

ማርሊስ ክው አለች። ሻጋታ የልጇን አስም እንደሚቀሰቅስ ሐኪሟ ከነገራት ወዲህ ምድር ቤቱን ስትፈትግ ነው የከረመችው። ጥድም ሻጋታ ይዞ ይገባል ብላ አላሰበችም። ክፉ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚታያት ሴት፣ ይኸኛው አልታያትም።

"አያቴ ለኔ ብሎ እኮ ነው የቆረጠው። ያዝናል።"

"ማነው የሚያዝነው?" የማርሊስ አማት ኤልመር የጥዱን መብራት ሲሰቅሉ ከቆዩበት ሳሎን ብቅ አሉ። "እኔ? ለእንጨት? አንቺ ሚጢጢ፣ በትንፋሽ ነው እንዴ ዛፍ የሚገዛው?"

መልስ ሳይጠብቁ ተመለሱና ጥዱን ከነጌጡ አንገቱን አንቀው ይጎትቱት ጀመር። አንድ የብርጭቆ ኳስ ወለሉ ላይ ተሰበረ።

"አባባ፣ ወገብዎ!"

"ወገቤን ተዪውና ልጅቷን ከብርዱ አርቂያት! በሩን ልከፍት ነው።"

ማርሊስ ኢንጋን ወደ ወጥ ቤት ወስዳ ጆሮዋን ልጅቷ ጀርባ ላይ ለጠፈች። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። አላመነችም፤ ደግማ አዳመጠች። ቢመለስስ? ጠዋት ሐኪሟ ጋ ትደውላለች። ማታ ደግሞ አጠገቧ ትተኛለች።

"እማ፣ ልየው?"

ውጭ፣ በረዶ በጋገረው ሐይቅ ዳር፣ ሽማግሌው ጥዱን በረዶው ውስጥ ተክለው መብራቱን አበሩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ አሽከር እጅ ነሱ።

ኢንጋ ሳቀች። አፏን ወደ መስኮቱ አስጠግታ በረጅሙ ተነፈሰች። መስተዋቱ ላይ ያረፈው ነጭ ጉም እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ዛፉንም አያቷንም ሸፈናቸው።