ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ ዕጩዎች

በ1971 ዓ.ም. በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ ቀበሌ የሊቀ መንበር ምርጫ ተደረገ። ዕጩዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሥልጣኑን የያዘው ጓድ አምሐና የፋብሪካ መካኒኩ ክንዱ።

ክንዱ ሹመት የሚወድ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹ ለመኑት፤ በትክክል ለመናገር፣ አጥብቆ የለመነው ጋዝና ጨው የሚነግደው ኑርሑሴን ነው። የክንዱ ታናሽ ወንድም ቢያዝን ያለ ክስ በቀበሌው እስር ቤት ከተዘጋበት ሰባት ወር ሆኖታል። አምሐ ዳግመኛ ከተመረጠ ሰኞ ዕለት ቢያዝንን ወደ ከፍተኛው እስር ቤት እንደሚያሻግረው በግልጽ ተናግሯል። ወደዚያ ከተሻገሩት መካከል የተመለሰ አልነበረም። ክንዱ ካሸነፈ ግን የእስር ቤቱ ቁልፍ በእሱ እጅ ይገባል።

ስለዚህ ክንዱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞረ። ከመቶ ሃያው መራጭ ዘጠና ያህሉ ቃል ገቡለት፤ ቁጥሩን ለማስተካከል፣ ዘጠና ሦስት ነበሩ። ክርስቲያኑ በሚካኤል፣ እስላሙ በአላህ ማለ። ኑርሑሴንም እጁን ጨብጦ፣ ቢያዝን የእኔም ወንድም ነው አለው።

ምርጫው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተካሄደ። ቦታው የቀበሌው ሜዳ ይባል እንጂ የዓሣ ማድረቂያ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። መራጩ ይሉኝታ እንዳይዘው ሲባል ዕጩዎቹ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ማዞር ነበረባቸው። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር፤ ቢያንስ ጥሩ ይመስል ነበር። ጠመንጃ የያዙ አራት ጥበቃዎች ዳር ዳሩን ቆሙ። የሚቆጥረው የቀበሌው ጸሐፊ አገኘሁ ነበር።

ክንዱ አንድ ታንኳ ወደ ደሴቶቹ ሲቀዘፍ እያየ ቆመ። አስቀድሞ የአምሐ ስም ተጠራ። ከኋላ ጸጥታ ሆነ። አገኘሁ ቶሎ ቆጥሮ፣ “ሰማንያ ሰባት” አለ።

ቀጥሎ የክንዱ ስም ተጠራ። የጋቢና የነጠላ መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ክንዱ ነፋስ መሰለው። ቆጠራው ረዘመ። በመጨረሻ አገኘሁ፣ “ሠላሳ ሦስት” አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ክንዱ ዘወር ሲል ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቢያዝን በላንድሮቨር ተጭኖ ሄደ።

ክንዱ ሒሳቡን ሠራ። ከማሉለት ዘጠና ሦስት ሰዎች ስድሳው በሐሰት ምለዋል። እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ እነዚያኑ በሮች እንደ ገና አንኳኳ። ሁሉም እጃቸውን ማውጣታቸውን ነገሩት፤ ዓይኑን ያየው ግን አልነበረም። አሮጊቷ እትዬ ሸጊቱ ብቻ ቆጣ አሉ።

“አውጥቻለሁ አልሁህ እኮ፣ አንተ ልጅ። ሪህ የያዘው ትከሻዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አላስተኛኝም። ወይስ ነቅዬ ልስጥህ?”

ክንዱ አላመናቸውም። ሚስቱን አገርነሽንም ጠየቃት። ከፊት ቆማ ስለ ነበር ወደ ኋላዋ እንዳላየች ነገረችው።

በኋላ አንድ ወሬ ደረሰው። ኑርሑሴን በምርጫው ዋዜማ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ አምሐ ቢሮ ሲገባ ታይቷል። በዚያው ቀን ለቢያዝን ብርድ ልብስ ገብቶለት ነበር፤ ማን እንዳስገባው ግን ክንዱ አልጠየቀም። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

“እጅህን አውጥተሃል?”

“አውጥቻለሁ።”

“በአላህ?”

“በአላህ፣ ክንዱ።”

“እንግዲያስ ያላወጡትን ንገረኝ። አንተ ከኋላ ነበርህ፤ ሁሉንም አይተሃል።”

ኑርሑሴን የጨው ኬሻውን አፍ ማሰር ጀመረ። አስሮ ፈታው፤ እንደ ገና አሰረው።

“አየህ?” አለ ክንዱ። “ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ።”

በወሩ ኑርሑሴን ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ወደ ቁንዝላ ተመለሰ። ክንዱ፣ ያባረረው ኅሊናው ነው እያለ ለሰዉ ሁሉ ተናገረ። ኑርሑሴን እንዲህ አያደርግም ያለ አንድም ጎረቤት አልነበረም።

በመስከረም፣ ከመስቀል በዓል በፊት፣ የቢያዝን ልብስ በጆንያ ተጠቅልሎ ለቤተሰቡ መጣ። ክንዱ ጆንያውን ሳይፈታ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አገርነሽን ቀና ብሎ አያት።

“ከስድሳዎቹ የአንዱን ብቻ ስም ንገሪኝ። ለፍርድ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ ልወቅ።”

አገርነሽ ከጎኑ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

“ዞሬ አይቼ ነበር፤ ስምህ ሲጠራ እጁን ያላወጣ ሰው አላየሁም፤ ያ ሁሉ እጅ ሳይወርድ ጸሐፊው አገኘሁ ሠላሳ ሦስት ብሎ ሲጠራ ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ።”