እሳቱ የተጫረበት ቤት

«ከታችኛው ቤት አይደለም ጋሼ፤ ከደጅዎ ፊት ለፊት ካሉት ባልቴት ነው የጫርሁት» አለችኝ የብርጓል፣ የጎረቤቴ የቢተው አዲሷ ሚስት። ከይጁቤ ከመጣች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። የያዘችው ገል ላይ የኩበት ፍም ይጤሳል።

«ይጁቤ ቤትና መንገድ አይለይም እንዴ?» ብዬ ቀለድሁባት። ከደጄ ፊት ለፊት ያለው ጣሊያን ያነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው።

ቤቱስ ነበረ። የሰፈሩ እሳት ሁሉ ሲጠፋ የእሜት አመተ ሥላሴ ምድጃ አይጠፋም ነበር፤ ከእርሳቸው ያልጫረ ጎረቤት የለም። ጣሊያኑ መንገዴ በጓዳሽ ያልፋል አላቸው። አልወጣም ቢሉ ጣራውን በላያቸው አፈረሰው። እኔን የሚያበግነኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈራችን ወንድ ነው። እርሳቸው በየስማችን እየተጣሩ ሲጮኹ ሁላችንም በራችንን ቀረቀርን። እኔም ቀርቅሬያለሁ።

«ቀልዱ ይብቃ! እሳቱን ከማን ቤት አመጣሽ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ምን ያስቆጣዎታል? ነገርሁዎ እኮ። ጸጉራቸው ላይ የጣራ ሣር ተሰክቶባቸው ነበር፤ ልንቀልልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

ይህን ማንም አልነገራትም። በሰፈራችን ያን ቀን የሚያነሳ ሰው የለም።

«ሌላስ? ሌላ ምን አሉሽ?»

የብርጓል የጋለውን ገል ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ምንም። ‹ያ ጎረቤቴ ዛሬስ በሩን ከፈተ?› አሉኝ።»