«ሃላኽ» ብሎ ደወለ... ሽማግሌው ዳቦ ይዘው መጡ

ስልኩን ዘግተው ብድግ አሉ...

«ፈንታነሽ፣ ሄደ። መኪናው ሄደ» አሏቸው ሚስታቸውን።

አባ ደምሰው ናቸው፤ እስራኤል አገር፣ ነታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ።

ያንን አሮጌ ከባድ ፒክአፕ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። በእሱ ነው ከቴል ሞንድ ችግኝ ጣቢያ ችግኝ ጭነው የሚያከፋፍሉት።

ባለፈው ግን ጉድጓድ ገባና የፊት አክስሉ ተጣመመ... ባሌስትራውም ተሰበረ።

የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ደግሞ መኪናው እስከ እሑድ ካልመጣ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏቸዋል።

በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ማን አዲስ ሥራ ይሰጣል? ይህን እያሰቡ እህል አልዋጥ ብሏቸው ነው የሰነበቱት።

ታዲያ መኪናው የገባበት ጋራዥ ባለቤት ጊል ደወለ... ስለ አክስሉ በዕብራይስጥ ሲያወራ ሲያወራ ቆይቶ በመጨረሻ «ሃላኽ» አላቸው።

ሃላኽ ማለት ሄደ ማለት ነው። ይህችንማ አባ ደምሰው ያውቋታል፤ መኪናው ተሠርቶ ሄደላቸው ማለት ነዋ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ትኩስ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ሰጧቸው... ወደ ጋራዥ ገሰገሱ።

መኪናው ጎማው ወልቆ አፍንጫውን ደፍቶ ቆሟል። እሳቸው ግን መች አዩትና... ቀጥ ብለው ጊል ጋ ሄደው ግራሶ የጠገበ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

ጊል ክው አለ።

ሰውየው ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብሎ እንኳ የማያይ ኮስታራ ነው። እጁን ስሞት የሚያውቅ ሰው የለም... እናቱም ብትሆን እጠራጠራለሁ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ። የነካኸው ሁሉ ይነሣ። እኔን ቤት ከመዋል እንዳወጣኸኝ አንተንም እግዜር ከክፉ ያውጣህ።»

ጊል ወደ ዬዲዲያ ዞሮ ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀው። ዬዲዲያ አብሮት የሚሠራ መካኒክ ነው... እዚያው የተወለደ የእኛው ልጅ።

ዬዲዲያ ምርቃቱን አንድ በአንድ ተረጎመለት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት... ጊል በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ዓርብ ጠዋት ይምጡ በላቸው» አለ ጊል ቀስ ብሎ።

አባ ደምሰው ጥቂት ብሎን ማጥበቅ የቀረ መሰላቸው። ዳቦውን ቆርሰው ሁለቱንም አጎረሱና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ጊል የማይደውልበት ቦታ ጠፋ...

ከኋላ ተገጭቶ ከተጣለ የዚያው ዓይነት መኪና ደህና የፊት አክስል አገኘና ራሱ ሄዶ አመጣው።

ባሌስትራው ተቀየረ። ኩሽኔታው፣ ቦኮላው፣ አሞርዛቶሩ... አንዱም አልቀረ።

መሀል ላይ አንድ የዛገ ብሎን አልፈታ ብሎ አንገበገባቸው። ዬዲዲያ እንተወው ቢለው ጊል «እሳቸው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» አለው።

ዓርብ ጠዋት አባ ደምሰው መሪውን ጨበጡ...

መኪናው የሺኩን ቫቲኪም ሰፈርን መንገድ ሳይንገጫገጭ፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል ሰንጥቆት ሄደ።

እሑድ ችግኝ ጭነው ሲያልፉ ሰላም ሊሉ ጋራዡ ጎራ አሉ። ዬዲዲያ ያን ጊዜ አላስችል አለው...

«አባ፣ ጊል ሲደውልልዎት መኪናው ሄደ ማለቱ አልነበረም። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ‹ሃላኽ› ካሉ... አለቀለት፣ ሞተ ማለታቸው ነው። ጎትቶ የሚጥለው መኪና ሁሉ ተጠርቶ ነበር። እርስዎ መጥተው ሲመርቁት ነው የመለሰው።»

አባ ደምሰው ዞር አሉ...

ችግኝ ጢም ብሎ የተጫነበትን መኪናቸውን አዩት። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ታዲያ የማናችን ዕብራይስጥ ነው ትክክል?» አሉና ጥሩንባቸውን እየነፉ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ወዳጆቼ... ሥራው ካለቀ በኋላማ ማንም ያመሰግናል። ቀድሞ የተመረቀ ሰው ግን ምርቃቱን ላለማሳፈር ሲል የማይችለው የመሰለውን ሁሉ ይችላል። ዛሬ አንድ ሰው ገና ሳይሠራላችሁ መርቁት።

እናንተስ... ሳይገባችሁ ተመርቃችሁ፣ ያንን ምርቃት እውነት ለማድረግ የታገላችሁበት ቀን አለ? ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።