ቀን የሌለው ቀጠሮ

«ማን ናት እሷ የተናገረችው? ደባል አገኘሽ እንዴ?» አለኝ አባቴ ከፍኖተ ሰላም ደውሎ። ደስታው ከድምፁ ይሰማል።

«የለም አባዬ፣ ስልኩ ነው የተናገረው።»

«እኔ ደግሞ ሰው አገኘች ብዬ!»

«መቼ ነው የምትመጪው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኩ ቀድሞኝ በሴት ድምፅ «እባክዎ ቀን ይጥቀሱ» ብሎ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀን የሌለው ቀጠሮ በስልክ መስጠት ክልክል ነው። «በቅርቡ» ወይም «ሰሞኑን» ብሎ ቀኑን ያልጠቀሰ ሰው መስመሩ ለሦስት ወር ይዘጋበታል። ቀን ጠቅሶ የቀረም እንዲሁ።

እኔ ሠመራ ነው የምሠራው። ተተኪ ካልመጣ ፈቃድ አይሰጡኝም፤ ተተኪው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ድሮ «ሰሞኑን እመጣለሁ» ስለው አባቴ ፍራሼን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ሳልመጣ ወር ካለፈ እንደገና ያሰጣው ነበር። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ልትመጣ ነው» ይል ነበር።

«ታዲያ ፍራሹን ላውጣው ወይስ ይቆይ?» አለኝ።

«ቀኑን አላውቀውም አባዬ።»

«ቀኑን ማን ጠየቀሽ? እንደ ድሮሽ ብትዪኝ ይበቃኛል።»

«መስመሩ ይዘጋል እኮ!»

«ይዘጋ! ስልክ አልበላ!»

ከእሱ ሌላ የሚደውልልኝ ሰው የለም። እሱ መልሴን ይጠብቃል፤ ከኋላው የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማል።

«ሰሞኑን እመጣለሁ» አልኩት።

«እሰይ!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።